የወርቅ ማሽኔ ዘንግ ይወላገዳል፤ ልቀይረው ወይስ ላስጠግነው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሁለተኛ እጅ የገዛሁት ጂፒኤክስ 5000 አለኝ፤ አሶሳ ዙሪያ ወርቅ እፈልግበታለሁ። ድምፁ ጤነኛ ነው፣ ዘንጉ ግን ይወላገዳል። ኮይሉ፣ ከጫፉ ያለው መሬቱን የሚፈትሸው ሰሌዳ፣ ወደ ግራና ቀኝ ይዞራል፤ ቁጥቋጦ ሲነካው ደግሞ አፍንጫው ይደፋና እንደተደፋ ይቀራል። ግማሽ ቀን ከሠራሁ ትከሻዬ ይዝላል፣ ማታ ክርኔን በውጭ በኩል ያመኛል። አንድ በያጅ በብረት ቱቦ አዲስ ዘንግ ልሥራልህ ብሎኛል። ጓደኛዬ ፒቪሲ ይበቃሃል ይላል። ሌላው ደግሞ ካርቦን ፋይበር ከውጭ አስመጣ አለኝ። የቱን ላድርግ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሦስቱም በፊት ሌላ ሥራ አለህ። ከነገርከኝ ምልክት እንደምረዳው ዘንግህ አልተሰበረም፣ አልጎበጠምም። የላሉት መገጣጠሚያዎቹ ናቸው። በላላ መገጣጠሚያ ላይ የፈለግኸውን ውድ ቱቦ ብታስገባ ያው እንደ በፊቱ ይወላገዳል። የክርንህ ሕመምም ከማሽኑ ክብደት ይልቅ ክብደቱ ካረፈበት ቦታ የመጣ ይመስለኛል፤ እሱን ወደ ኋላ ላይ አነሳዋለሁ።

በያጁን ግን ዛሬውኑ ተወው በለው። ጂፒኤክስ የሚሠራው ኮይሉ ወደ መሬት የመግነጢስ ምት እየላከ፣ ምቱ በተቋረጠ ቅጽበት ከብረታ ብረት የሚመለሰውን ደካማ ምላሽ በማዳመጥ ነው። ከኮይሉ አጠገብ የብረት ቱቦ ከገጠምክለት ማሽኑ ቀኑን ሙሉ የሚያዳምጠው የራሱን እግር ነው። ቱቦው ፍጹም ባይነቃነቅ ኖሮ ማሽኑ ሊለምደው ይችል ነበር፤ ዘንግ ግን በእያንዳንዱ ውዝዋዜ ትንሽ ይተጣጠፋል፣ በተጣጠፈ ቁጥርም ድምፅ ይሰጣል። ክብደቱም ሌላ ጣጣ ነው። 22 ሚ.ሜ. ውፍረትና 1.5 ሚ.ሜ. ግድግዳ ያለው የብረት ቱቦ በሜትር 760 ግራም ገደማ ይመዝናል። በዚያው ልክ የተሠራ የአልሙኒየም ቱቦ 260 ግራም አካባቢ ነው።

አልሙኒየምም ቢሆን ቦታ አለው። ከእጄታው አካባቢ፣ ከኮይሉ በራቀው በላይኛው ክፍል ላይ ጥሩ ነው። የታችኛው ክፍል ግን ብረትነት የሌለው መሆን አለበት። ድንበሩ የት እንደሆነ ራስህ ማወቅ ትችላለህ። ኮይሉን ከመሬት ከፍ አድርገህ በእንጨት ላይ አስቀምጥ፣ በዙሪያው ሚስማር እንኳ አይኑር፣ ማሽኑን አብራ። ልትጠቀምበት ያሰብከውን ቱቦ ወይም ብሎን ከሩቅ ቀስ እያልክ አቅርበው። ድምፁ መለወጥ የጀመረበትን ርቀት ለካና ግማሹን ጨምርበት። ከዚያ ወዲህ፣ ማለትም ወደ ኮይሉ በኩል፣ ምንም ዓይነት ብረት አይግባ፤ ፋሸታም ቢሆን፣ የበርሜል ሽቦም ቢሆን፣ ትንሽ ብሎንም ቢሆን። የኮይሉ ብሎን ከናይለን የተሠራው ለዚህ ነው። ናይለኑ ሲሰበር በብረት ብሎን ተክተው «ማሽኑ ተበላሸ» ብለው የሚመጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

አሁን ወደ ራሱ ወደ መወላገዱ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚንቀው እሱን ነው። ውልግድና የእጅ ድካም ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። የምትሠራበት አካባቢ ቀይ አፈር የብረት ማዕድን ስላለው ራሱ ድምፅ ይሰጣል። ማሽኑን ከመሬቱ ጋር የምታስማማው ኮይሉ በአንድ ከፍታ እንደሚሄድ ታሳቢ አድርገህ ነው። ኮይሉ ወደ ጎን ዘመም ሲል አንዱ ጠርዝ ወደ አፈሩ ይቀርባል፣ ሌላው ይርቃል፤ የመሬቱ ድምፅ ከፍ ዝቅ ይላል። ጆሮህ ይህን ዝቅታና ከፍታ መናቅ ይለምዳል። ትንሽ ወርቅ የምትሰጠውም ድምፅ ያችኑ የምትመስል ለስላሳ ከፍታ ናት፤ አብረህ ታልፋታለህ። በዚያ ላይ ኮይሉ ይመታብኛል ብለህ ስትሰጋ ከፍ አድርገህ ትይዘዋለህ። ከመሬት ያራቅኸው እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ከጥልቀትህ ላይ የሚቀነስ ነው።

መጀመሪያ የትኛው መገጣጠሚያ እንደላላ ለይ። አንድ ሰው እጄታውንና የክንድ ማረፊያውን አጥብቆ ይያዝ፤ አንተ ኮይሉን በሁለት እጅህ ይዘህ ወደ ላይና ታች ሳይሆን እንደ መሪ አሽከርክረው። ሌላ ሰው ጣቱን በየመገጣጠሚያው ላይ፣ ግማሹን በአንደኛው ቱቦ ግማሹን በሌላኛው ላይ አድርጎ ያዳምጥ። ዓይን የማያየውን ንቅናቄ ጣት ያገኘዋል። ከታች ጀምረህ ወደ ላይ ውጣ፦ የኮይሉ ጆሮዎች፣ የታችኛው ቱቦ ከመካከለኛው ጋር የሚገናኝበት፣ ከዚያ በላይ ያለው፣ በመጨረሻም የእጄታውና የክንድ ማረፊያው ብሎኖች። የመጨረሻዎቹን ብዙ ሰው አያያቸውም። የክንድ ማረፊያው ብሎን ሲላላ ግን ሙሉው ዘንግ የተወላገደ ይመስላል።

ትንሽ ክፍተት ምን ያህል እንደሚያድግ ስሌቱን ላሳይህ። ቱቦ ከቱቦ ጋር የሚቆለፈው በሞላ በሚወጣ ቁልፍ ከሆነ፣ ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ በጊዜ ብዛት እንቁላል ቅርጽ ይይዛል። 22 ሚ.ሜ. ውፍረት ባለው ቱቦ ላይ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሰፋ፣ 11 ኢንች የሆነ ኮይል ጠርዝ ላይ ሲደርስ ከ6 ሚ.ሜ. በላይ ንቅናቄ ይሆናል። ሁለቱ ቱቦዎች አንዱ በሌላው ውስጥ 6 ሳ.ሜ. ብቻ ተጋብተው በመካከላቸው 0.4 ሚ.ሜ. ክፍተት ቢኖር ደግሞ 70 ሳ.ሜ. ወደ ታች ስትሄድ ወደ 5 ሚ.ሜ. ይሆናል። መጋባቱን ወደ 12 ሳ.ሜ. ብታሳድገው ያው ክፍተት ጉዳቱ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ዘንግህን እስከ መጨረሻው ቀዳዳ ስበህ የምትሠራ ከሆነ፣ ረዘም ያለ የታችኛ ክፍል መሥራት ብቻውን ለውጥ ያመጣል።

የኮይሉ አፍንጫ መደፋት ከሁሉም የሚቀለው ነው። የዘንጉ ጫፍ ወደ ኮይሉ ሁለት ጆሮዎች መሐል ይገባል፤ በመሐላቸው የጎማ ሮንዴላዎች አሉ፤ የናይለን ብሎን ያያይዛቸዋል። ኮይሉን በአንድ ዘንበል ላይ የሚያቆየው የጎማው ሰበቃ ነው። አቧራ ገብቶ ጎማውን እንደ መስታወት ሲያለሰልሰው ይንሸራተታል። ሰው ያን ጊዜ ብሎኑን በፒንሳ ያጠብቃል፣ ናይለኑ ይሳባል፣ ሲብስም ጆሮው ይሰነጠቃል። ጆሮ ከተሰነጠቀ ነገሩ ሮንዴላ ሳይሆን ኮይል ነው፤ ዋጋውን ታውቀዋለህ።

ፍታው፣ ሁሉንም በሳሙናና በውሃ እጠብ፣ በደንብ አድርቅ። ዘይት ወይም ግራሶ በፍጹም አታድርግበት፤ ማንሸራተት ነው ሥራው። የለሰለሰውን ጎማ በብርጭቆ ወረቀት ሻካራ አድርገው። ጎማው ካለቀ ወደ ጎሚስታ ሂድና የተጣለ ካሜራዳሪ ለምነው። ከቫልቩ ራቅ ካለው በኩል ቆርጠህ ሮንዴላ ታወጣለህ። ውፍረቱ ካለው ክፍተት ትንሽ የበለጠ ይሁን፣ ሲገባ መጨነቅ አለበት። የመሐሉ ቀዳዳ ብሎኑን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ይሁን። ብሎኑን በጣትህ ብቻ አጥብቅ። ልኩ ይህ ነው፦ ኮይሉን ከመሬት ስታነሳው ዘንበሉን ይጠብቃል፣ መሬት ላይ በእጅህ ስትጫነው ግን ይታዘዛል። ትርፍ የናይለን ብሎንና ዳዶ ሁልጊዜ በቦርሳህ ይኑር።

ጆሮው ቀድሞውኑ ተሰንጥቆ ከሆነ የአምስት ደቂቃውን ማጣበቂያ ተወው። በ24 ሰዓት የሚደርቀውን ኤፖክሲ ግዛ። ቦታውን በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት በደንብ ቧጥጥ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር እስኪጠፋ። የፋይበርግላስ ጨርቅ በቀጭን በቀጭኑ ቆርጠህ ከጆሮው ሥር ጀምረህ ሁለትና ሦስት ድርብ አልብሰው። ኮይሉን ለመብሳት አታስብ፤ ከሽፋኑ ሥር የተጠመጠመው ሽቦ የት እንዳለ ከውጭ አይታይም። አሴቶን ለማጽዳት የሚጠቀሙም አሉ። ብዙ የኮይል ሽፋን የሚሠራበትን ኤቢኤስ የሚባለውን ፕላስቲክ አሴቶን ያሟሟዋል፤ ስለዚህ አታስጠጋው።

ወደ ቱቦዎቹ መገጣጠሚያ እንውጣ። አስቀድመህ አሸዋውን አውጣ። ደረቅ ጨርቅ በዱላ ላይ ጠቅልለህ ውስጡን ጥረግ፤ ቱቦዎቹን አጥብቆ የሚይዘውን የመጨበጫ ቀለበት ፈትተህ ጥርሱን በጥርስ ብሩሽ አጽዳ። ከዚህ በኋላም ክፍተት ካለ የሃይላንድ ላስቲክ ይበቃሃል። ከጠርሙሱ ቀጥ ካለው ወገብ ላይ ሪባን ቁረጥ፣ በውስጠኛው ቱቦ ላይ አንድ ዙር ብቻ አልብሰህ በቀጭን ማጣበቂያ ያዝ። አንድ ቦታ ላይ አታልብሰው። አንዱን በመጋባቱ አፍ ላይ፣ ሁለተኛውን በውስጠኛው ጫፍ ላይ አድርግ። ሁለት ቀለበቶች ተራርቀው ሲይዙት ነው ቱቦው ዥዋዥዌ የሚተወው። ናስትሮ የሚጠመጥሙ አሉ፤ ለአንድ ሳምንት ይሠራል፣ ከዚያ ሙቀት ሙጫውን ያቀልጠውና አቧራ ለብሶ እንደገና ይላላል፤ ሲፈታም መከራ ነው።

ቀዳዳው እንቁላል ከሆነ አትሙላው፤ የተሞላ ቀዳዳ መልሶ ይከፈታል። ቱቦውን ሩብ ዙር አዙረህ አዲስ ቀዳዳ አውጣ። መጀመሪያ በትንሽ ትራፓኖ ብሳ፣ ከዚያ በልኩ አስፋ፣ የቀዳዳውን ጠርዝ በሊማ አለስልስ። ቁልፉ እየተጨነቀ የሚገባ እንጂ ዘሎ የሚገባ እንዳይሆን። አዲሱ ቀዳዳ አሮጌው በነበረበት አቅጣጫ መዋሉን አረጋግጥ፤ አለዚያ ኮይልህ ወደ ጎን ተገትሮ ታገኘዋለህ።

አንዳንድ ማሽን ላይ ቱቦው የተሰነጠቀው ከመጨበጫው ቀለበት ሥር ነው። ያንተ ዘንግ ላይም ሲፈታ እንዲህ ያለ ስንጥቅ ብታገኝ፣ በስንጥቁ ጫፍ ላይ 3 ሚ.ሜ. የሆነች ቀዳዳ ብሳ፤ ስንጥቁ ከዚያ እንዳይራመድ ታደርገዋለች። ከዚያ በውስጡ በልኩ የተላገ ደረቅ እንጨት አስገባ፣ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ቢያንስ የቱቦውን ውፍረት ሦስት እጥፍ ይራቅ። በኤፖክሲ አጣብቀው፣ ከውጭም በፋይበርግላስ ጨርቅ ጠቅልለው። ብቻ ጥገናው ቱቦው ወደ ሌላው በሚገባበት ርዝመት ላይ እንዳይውል፤ ውጭውን ስታወፍረው አይገባልህም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አድርገህ የታችኛውን ክፍል መቀየር ካስፈለገህ በምን እንደምትቀይረው እንነጋገር። ጓደኛህ ስለ ፒቪሲ ያለው በርካሽነቱና በመገኘቱ ልክ ነው፤ ብረትም አይደለም። ችግሩ ልል መሆኑ ነው። 32 ሚ.ሜ. የሆነ፣ 2.4 ሚ.ሜ. ግድግዳ ያለው የፒቪሲ ቱቦ በሜትር 310 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ቅድም ካልኩህ የ22 ሚ.ሜ. አልሙኒየም ይከብዳል። ጥንካሬው ግን፣ ማለቴ ላለመጉበጥ ያለው አቅም፣ የአልሙኒየሙ አንድ አምስተኛ ነው። በዚያ ላይ ሙቀት አይወድም። ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ እየለሰለሰ ይሄዳል፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የዋለ ፒቪሲ ቀጥ ብሎ ገብቶ ጎብጦ ይወጣል። ለአንድ ሳምንት መሻገሪያ እሺ፤ ከዚያ ያለፈ አልመክርህም። የግድ ፒቪሲ ከሆነብህ ግድግዳው ከሚወፍር ቱቦው ራሱ ቢሰፋ ይሻላል። ግድግዳውን እጥፍ ብታደርገው ጥንካሬው እጥፍ ይሆናል፣ ክብደቱም እጥፍ። የቱቦውን ስፋት በአንድ አራተኛ ብታሳድገው ግን ጥንካሬው ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ክብደቱ የሚጨምረው አንድ አራተኛ ብቻ ነው።

አንተ ያለህበት አገር ግን ከፒቪሲ የተሻለ ነገር በየሜዳው ይበቅላል። የቆላ ቀርከሃ ማለቴ ነው። የደጋው ውስጡ ክፍት ነው፤ የእናንተው፣ ሽመሉ፣ ውስጡ ከሞላ ጎደል ድፍን ነው። 22 ሚ.ሜ. የሆነ ደረቅ ሽመል በሜትር ከ260 እስከ 270 ግራም ይመዝናል፣ ከዚያ ፒቪሲ ቢያንስ በ40 ግራም ይቀላል፤ ላለመጉበጥ ያለው አቅም ደግሞ ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ከፋይበርግላስ ቱቦ ብዙ አይርቅም። ብረትነት የለውም። ሲሰበርም ሌላ ትቆርጣለህ።

ደንብ ግን አለው። ለጋውን አትቁረጥ፤ ሦስት ዓመት ያለፈው፣ መልኩ የበሰለው ይሁን። በጥላ ሥር ለሳምንታት ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ የደረቀ ይሰነጠቃል። ቀጥ ያሉትን ምረጥ፣ ትንሽ የጎበጠውን በእሳት ወላፈን አሙቀህ ማቃናት ይቻላል። ጫፉ በአንጓ ላይ ቢያበቃ ይመረጣል፤ ከአንጓ ውጭ ብትበሳው በርዝመቱ ይተረተራል። ለመብሳት ከተገደድክ ቦታውን አስቀድመህ በክር ጥብቅ አድርገህ ጠምጥመህ ኤፖክሲ አጠጣው፣ ሲደርቅ ብሳ። በኮይሉ ጆሮዎች መሐል የሚገባውን የፕላስቲክ ጫፍ ከአሮጌው ዘንግ ቆርጠህ አውጣና በቀርከሃው ጫፍ ላይ አጣብቀው፤ እሱን ከእንጨት ለመቅረጽ መሞከር ድካም ነው። በመጨረሻ ቫርኒሽ ቀባው። ጥሬ ቀርከሃ እርጥበት ይጠጣል፣ ነቀዝም ይወደዋል።

ካርቦን ፋይበርን በአጭሩ። ጥሩ ዕቃ ነው። የማሽንህ አምራች ማይንላብ በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጂፒኤክስ 6000 የካርቦን ዘንግ ይዞ 2.1 ኪሎ ብቻ ሲመዝን፣ ከእሱ በፊት የነበረው ጂፒዜድ 7000 ግን 3.32 ኪሎ ነው። ያን ሁሉ ልዩነት ግን ዘንጉ አላመጣውም። 60 ሳ.ሜ. የሆነ የታችኛ ክፍል ከፋይበርግላስ ወደ ካርቦን ብትቀይር በ22 ሚ.ሜ. ቱቦ ላይ የምታተርፈው 17 ግራም ገደማ ነው። ከኮይልህ ሥር ካለው ተነቃይ መከላከያ ሽፋን ውስጥ የተጠራቀመው ጭቃና አሸዋ ከዚያ ይበልጣል! ሽፋኑን አውልቀህ እጠበው፤ ጥቁሩ አሸዋ ራሱ የሐሰት ድምፅ ስለሚሰጥ ሁለት ነገር ታተርፋለህ። ካርቦን ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በኮይሉ በኩል ያለው ጫፉ የፕላስቲክ መሆን አለበት፣ ቅድም ያልኩህንም የድምፅ ሙከራ ማለፍ አለበት። ስትቆርጠው በውሃ እያረጠብክ፣ አፍንጫህን ሸፍነህ ቁረጥ። ገንዘቡ ከተረፈህ ግዛው፤ ካልተረፈህ ያለህን ለትንሽ ኮይል አስቀምጠው። በኮይል ላይ የሚቀነስ 200 ግራም በዘንግ ላይ ከሚቀነስ እኩል ክብደት ይበልጥ ይሰማሃል፤ ከእጅህ የራቀው እሱ ነውና።

የክርንህ ነገር። በማሽኑ ፊት ያለው ኮይል ወደ ታች ሲስብ፣ እጅህ መደገፊያ ይሆንና የዘንጉ ኋላ ወደ ላይ ይነሳል፤ ክንድህ ማረፊያው ላይ ሆኖ ወደ ታች ይጫነዋል። ኮይሉ ከነብሎኑ 800 ግራም ነው፣ ከእጅህም በአግድም 80 ሳ.ሜ. ይርቃል እንበል፤ የኋላውን ሳጥን ለጊዜው እንርሳው። የክንድ ማረፊያው ከእጅህ 20 ሳ.ሜ. ቢርቅ ክንድህ በ3.2 ኪሎ ኃይል መጫን አለበት። ማረፊያውን ወደ 30 ሳ.ሜ. ብትወስደው ኃይሉ ወደ 2.1 ኪሎ ይወርዳል። ማሽኑ አንድ ግራም አልቀለለም፤ ማረፊያው ብቻ ነው የተዛወረው።

ማረፊያው ወደ ፊት የቀረበ ወይም የላላ ሲሆን ግን ክንድህ መጫኑን ይተውና ሥራው ወደ እጅ አንጓህ ይሄዳል። አንጓህን ቀጥ አድርገህ ለማቆየት እጄታውን ትጨብጣለህ። አንጓን ወደ ላይ የሚያነሱ ጡንቻዎች ጅማት የሚያያዘው በክርን ውጪኛው በኩል ነው፤ አንተን የሚያምህም እዚያው ነው። ስለዚህ ማረፊያውን ከክርንህ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ እንዲያርፍ ወደ ኋላ ውሰደው። ቀበቶውን እሰር፣ ግን ደም እስኪቆም አታጥብቅ። ማረፊያው ሰፊ ከሆነብህ በስፖንጅ ሙላው። ክንድህ በውስጡ የሚንከባለል ከሆነ የኮይሉ መዞር አንዱ ምክንያት እሱ ነው። እጄታው ቀጭን ከሆነ የብስክሌት ካሜራዳሪ አልብሰው፤ ቀጭን እጄታ አጥብቀህ እንድትጨብጥ ያስገድድሃል። ሕመሙ ከጥቂት ሳምንት በኋላም ካልተወህ ለሐኪም አሳየው።

ርዝመቱን ስታስተካክል ቀጥ ብለህ ቁም፣ ትከሻህን ልቀቀው። ኮይሉ ከእግርህ ጣት አንድ እርምጃ ያህል ቀድሞ፣ ከመሬት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብሎ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ ክርንህም ትንሽ ታጥፎ። ትከሻህ ወደ ላይ ከተነሳ ዘንጉ ረዝሟል። ወገብህ ከጎበጠ አጥሯል። ብዙ ሰው የሚያስረዝመው ሰፊ ቦታ ለመጥረግ ነው፤ ኮይሉ በራቀ ቁጥር ግን የሚከብድህ በዚያው ልክ ነው።

ከኋላ ክብደት አስሮ ሚዛን ማስጠበቅ የሚሉህ ይኖራሉ። ለቀላል ማሽን ይሠራል፤ ያንተ ማሽን ባትሪው ሳይቆጠር እንኳ ወደ 2.4 ኪሎ ስለሆነ እኔ አልወደውም። በምሳሌው ላይ ከእጅህ በስተኋላ 50 ሳ.ሜ. ርቆ 400 ግራም ብታስር የኮይሉን ስበት አንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ነገር ግን 400 ግራም ተጨማሪ ተሸክመህ ትወዛወዛለህ፣ በእያንዳንዱ መመለሻም ልታቆመው ትታገላለህ። ጂፒኤክስ 5000 በትከሻ ማንገቻና በላስቲክ ገመድ እንዲሠራበት የታሰበ ነው። ሁለተኛ እጅ ስትገዛ ማንገቻውን አብረው አልሰጡህ ይሆናል። ባትሪው በጀርባህ፣ ማሽኑ በላስቲክ ተንጠልጥሎ፣ እጅህ መምራት ብቻ ነው ያለበት።

ኦሪጅናሉ ከጠፋ ጠንካራ የጀርባ ቦርሳ ማንገቻ ላይ የካሜራዳሪ ሪባን እሰር። የቦርሳው የወገብ ቀበቶ ይኑረው፤ አለዚያ ክብደቱ በሙሉ በአንድ ትከሻ ላይ ይወርዳል። ላስቲኩን ከእጄታው ቀደም ብሎ በላይኛው ዘንግ ላይ አንጠልጥለው። ከዚያ እጅህን ክፈት፦ ኮይሉ ከመሬት 5 ሳ.ሜ. ያህል ላይ መንሳፈፍ አለበት። አፍንጫው ከወደቀ መስቀያውን ወደ ፊት አሳልፈው፣ ወደ ላይ ከዘለለ ላስቲኩን አስረዝመው። ላስቲኩ አጥሮ ከተወጠረ በውዝዋዜህ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ኮይሉን ወደ ላይ ይስበዋል፤ መሐሉን እየፈተሽክ ጠርዙን ትዘላለህ ማለት ነው። ይህን ራስህ አታየውም፣ ጓደኛህ ከፊት ቆሞ ይይልህ።

ገመዱን ሳታስተካክል ማሽኑን አትገጣጥም። ከኮይሉ የሚወጣው ገመድ እየተወዛወዘ ኮይሉን ሲነካ የሐሰት ድምፅ ይሰጣል። በዘንጉ ላይ ጠምጥመው፣ በየስንዝሩ በጨርቅ ማሰሪያ ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ ያዝ። ከኮይሉ በሚወጣበት ቦታ ላይ ግን ኮይሉ ወደ ፊትና ኋላ ሲታጠፍ እንዳይወጠር ትንሽ ትርፍ ተውለት፤ ትርፉም የሚወዛወዝ እንዳይሆን። በፒንሳ አጥብቀህ አትሰር፤ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ በሚታጠፍበት ቦታ ይበጠሳል።

ሁሉንም ካበቃህ በኋላ ሙከራ አድርግ። ጥገናውን ከመጀመርህ በፊት ትንሽ የእርሳስ (የብረቱ ማለቴ ነው) ቅንጣት አንድ ቦታ ላይ ቅበርና ድምፁን ስማ፤ አሁን ደግሞ ያን ጊዜ የሰማኸውን ከአሁኑ ጋር አወዳድር። ቀጥሎ ኮይሉን ወደ ሰማይ አንሳና ዘንጉን ነቅንቀው። ዝም ካለ ጨርሰሃል። ከጮኸ አሁንም የሚነቃነቅ ነገር አለ፤ መገጣጠሚያዎቹን በየተራ በእጅህ ጨብጠህ ያዝ፣ ድምፁ የሚቆምበት ላይ ሥራ ቀርቶሃል። ዘንጉ ሳይነካ ገመዱን ከመሰኪያው አጠገብ ወይም ከኮይሉ መውጫ ላይ ብቻ ስታንቀሳቅሰው የሚጮህ ከሆነ ግን ነገሩ የዘንግ አይደለም፣ ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ አለ። ያን ጊዜ ሌላ ኮይል ተውሰህ ሰካበት፤ ዝም ካለ የሚጠገነው የመጀመሪያው ኮይል ገመድ ነው፣ አሁንም ከጮኸ የሳጥኑ መሰኪያ ነው።